ምጥ ሳይመጣ እንለማመድ

ውድ ባለትዳሮች፣

ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጡ አዋላጆች አንድ አሻንጉሊት ከበው ብታዩ አትገረሙ። ጨዋታ ሳይሆን ትምህርት ነው።

እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ ሕፃን ሳያለቅስ ተወለደ። መደረግ ያለበት ሁሉ በደብተሬ ተጽፏል፤ እጄ ግን አልለመደውም። የአየር መስጫውን ጭምብል ገልብጬ ያዝኩት። ነባሯ አዋላጅ ፈጥና ተቀበለችኝና ሕፃኑ ተነፈሰ። ከዚያ ወዲህ ልምምድን ንቄ አላውቅም።

በአሻንጉሊት ነፍስ ማዳንን ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። ኖርዌያዊው አሻንጉሊት ሠሪ አስሙንድ ሌርዳል ለዚሁ የሚሆን አሻንጉሊት በ1960 እ.ኤ.አ. አወጣ። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሕፃናትን እንዲተነፍሱ የመርዳት ሥልጠና ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ተሰጥቷል። የሕፃኑ አሻንጉሊት ውሃ ሲሞላ እንደ እውነተኛ ልጅ ይከብዳል፤ ጭምብሉ በትክክል ሲገጠም ደረቱ ከፍ ይላል።

አዋላጆች በተለይ የሚለማመዱት ሁለት ነገር ነው፦

1. ሕፃኑ ካልተነፈሰ፦ ማድረቅ፣ ጀርባውን ማሸት፣ አሁንም ካልተነፈሰ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በጭምብል አየር መስጠት።
2. እናቲቱ ከወለደች በኋላ ብዙ ደም ከፈሰሳት፦ እርዳታ መጥራት፣ ማህፀኗን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን የተባለውን መድኃኒት መስጠት።

በአሻንጉሊት ላይ መሳሳት ማንንም አይጎዳም። ስህተቱ እዚያ ታይቶ እዚያው ይታረማል።

እናንተስ? ከቁንዝላ ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል ሂዱ ብትባሉ፣ በሐይቁም ሆነ በመኪና መንገዱ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ እርግዝናው ስምንተኛ ወር ሲገባ አንድ ምሽት «ምጥ ጀመረ» ብላችሁ ተለማመዱ፦

- ለአምቡላንስ የሚደውለው ማን ነው? ቁጥሩስ የት ተጽፏል?
- ገንዘቡና የሕፃኑ ልብስ የት ተቀምጧል?
- ልጆቹ ከማን ጋር ያድራሉ?
- ደም ቢያስፈልግ የሚሰጠው ማን ነው?

ባልየው አገር ቢወጣ ማን እንደሚተካውም ተነጋገሩ። በእርግዝና ጊዜ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት ከዓይን ብዥታ ጋር፣ ማንቀጥቀጥ ወይም ትኩሳት ከታየ ግን ምጥንም ሆነ ንጋትን አትጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ኑ።

የጎደለው ነገር በልምምዱ ምሽት ይታወቅ እንጂ በምጡ ሌሊት አይታወቅ።

በሰላም ተገላገሉ!