ስለ ሞግዚትና ስለ አደራ፤ የብራዚል መንግሥት ለቀደምት ነገዶች ያቆመው መሥሪያ ቤት

ሞግዚት ማለት አባት የሌለውን ልጅ ርስትና ገንዘብ፥ ልጁ እስኪጐለምስ ድረስ፥ በአደራ የሚጠብቅ ሰው ነው። ሞግዚት የታመነ ሲሆን የልጁ ርስት ይጸናል፤ ከዳተኛ ሲሆን ግን ከሌባ ይከፋል፤ ሌባ በሌሊት ግድግዳ ነድሎ ሲገባ ሞግዚት በቀን በበር ይገባልና። ይህ ነገር በአንድ ቤት ብቻ ሳይሆን በመንግሥትና በሕዝብ መካከልም የሚደርስ መሆኑን የብራዚል ታሪክ ያስረዳል። ከዚህ በታች ያለው የዓመት ቍጥር ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ብራዚል በደቡብ አሜሪካ ያለች ሰፊ አገር ናት። የፖርቱጋል መርከበኞች በ1500 ዓመት ወደ ባሕሯ ዳር በደረሱ ጊዜ ምድሪቱ ባዶ አልነበረችም፤ በየወንዙና በየደኑ በየራሳቸው ቋንቋ የሚነጋገሩ ብዙ ነገዶች ይኖሩባት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጦርና ባርነት፥ ይልቁንም ፈንጣጣና ኩፍኝ፥ ብዙውን ሕዝብ ፈጀው። በሽታው ለአገሩ እንግዳ ስለ ነበረ የሰዎቹ ሰውነት ሊቋቋመው አልቻለም። በ2022 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ከቀደምቶቹ ነገዶች ወገን ሆነው የተቈጠሩት 1,693,535 ናቸው፤ ይህም ከአገሩ ሕዝብ ከመቶው አንድ እጅ አይሞላም።

የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት

በ1910 መንግሥቱ እነዚህን ነገዶች የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት አቆመ፤ አለቃውም ካንዲዶ ሮንዶን የተባሉ የጦር መኰንን ሆኑ። ሮንዶን በእናታቸው በኩል ከነገዶቹ የሚወለዱ ሲሆኑ፥ የቴሌግራፍ ሽቦ ለመዘርጋት ብዙ ዘመን በደን ውስጥ የተመላለሱ ሰው ነበሩ። በ1907 የናምቢኳራ ነገድ ሰዎች ፍላጻ ወርውረውባቸው ለጥቂት ዳኑ። ጭፍሮቻቸው ሊበቀሉ ቢነሡ ከለከሏቸው፤ ወደ ኋላም እንዲመለሱ አዘዙ። ቢያስፈልግ መሞት እንጂ መግደል አይገባም የሚለው ቃል የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሆነ። ሠራተኞቹም ቢላዋ፥ መጥረቢያና ጨርቅ በደኑ መንገድ ትተው ይሄዱ ነበር፤ ነገዶቹ ስጦታውን ሲያነሡ ቀስ በቀስ መተዋወቅ ይሆናል።

ነገር ግን በ1916 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነገዶቹን እንዳልጐለመሰ ልጅ ቈጥሯቸው ነበርና መሥሪያ ቤቱ ሞግዚታቸው ሆነ። የሞግዚቱ ሹማምንት ከዋናው ከተማ ርቀው ስለሚኖሩ ሥራቸውን የሚመረምር አልነበረም፤ የተበደለውም ሰው በራሱ ስም ለመክሰስ አልተፈቀደለትም። ከሳሽና መርማሪ በሌለበት ስፍራ አደራ ይበላል። በ1967 ዣዴር ፊጌይሬዶ የተባሉ ዓቃቤ ሕግ ነገሩን መርምረው 7,000 ገጽ የሚያህል ጽሑፍ አቀረቡ፤ በዚያም የነገዶቹ መሬትና ከብት እንደ ተሸጠ፥ ሰዎቹም ያለ ደመወዝ እየሠሩ እንደ ተገረፉና እንደ ተገደሉ ተጻፈ። አሮጌው መሥሪያ ቤት ፈረሰ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ፉናይ የተባለው አዲሱ ተተካ። ጽሑፉ ግን ጠፋ ሲባል ኖሮ በ2013 ተገኘ።

የፓናራ ነገድ መከራ

ስም መለወጥ ብቻውን ጥፋትን አያስቀርም። በ1970ዎቹ መንግሥቱ በፓናራ ነገድ አገር መኪና የሚሄድበት መንገድ አስቈረጠ። በ1973 የመንግሥቱ ሰዎች ከነገዱ ጋራ ተገናኙ፤ በመንገዱም ጉንፋንና ሌላ በሽታ ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ምድር ሲወሰዱ ከመቶዎቹ ሰዎች የተረፉት 79 ብቻ ነበሩ። ዘመዱን ለመቅበር የሚበቃ ጕልበት ያለው ሰው እንኳ ጠፍቶ ነበር። የተረፉት ግን አገራቸውን አልረሱም፤ ከ20 ዓመት ያህል በኋላ ሳይመነጠር ወደ ቀረው ደናቸው ተመለሱ፤ ፍርድ ቤትም መንግሥቱ ካሣ እንዲከፍላቸው ፈረደ።

ከእንዲህ ያለው መከራ የተነሣ በ1987 ደንቡ ተለወጠ፤ ከሌላ ሰው ርቀው የሚኖሩትን ነገዶች ወሰናቸውን ከሩቅ መጠበቅ እንጂ ሄዶ ማግኘት እንዳይገባ ተወሰነ።

የ1988 ሕገ መንግሥትና የርስት ሥርዐት

በ1988 የወጣው ሕገ መንግሥት ነገዶቹ በአባቶቻቸው ምድር ያላቸውን መብት ቀዳሚ አድርጎ ተቀበለ። መሬቱ የመንግሥት ሲሆን ይዞታውና ፍሬው ለዘወትር የነገዱ ነው። ደግሞም ነገዶቹ በራሳቸው ስም በፍርድ ቤት ይከራከሩ ዘንድ ፈቀደላቸው፤ እንደ ልጅ መቈጠራቸው በዚህ ቀረ።

የርስት ወሰን የሚጸናበት ሥርዐት በአምስት ይከፈላል። መጀመሪያ ፉናይ ዐዋቂዎችን ልኮ የነገዱን አኗኗርና መቃብር፥ የሚያድንበትንና የሚያጠምድበትን ስፍራ ያስጠናል። ሁለተኛ ተቃዋሚ ካለ ክርክሩ ይሰማል። ሦስተኛ ሚኒስትሩ ርስቱ የነገዱ መሆኑን ያውጃል። አራተኛ የወሰን ምልክት ይተከላል። አምስተኛ የአገሩ ፕሬዚዳንት ያጸድቀውና በመዝገብ ይጻፋል።

የቀረው አገልግሎት ለየመሥሪያ ቤቱ ተከፍሏል፤ ትምህርቱ ከ1991 ጀምሮ ለትምህርት ሚኒስቴር፥ ሕክምናው ከ2010 ጀምሮ ለጤና ሚኒስቴር ልዩ ክፍል ተሰጠ። ሕገ መንግሥቱ የነገዶቹ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጭምር እንዲማሩ ያዛል፤ መምህራን ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

ወሰን ያለ ጠባቂ

በ1992 የያኖማሚ ነገድ ርስት፥ 9.6 ሚሊዮን ሄክታር የሚያህል፥ ጸደቀ። ሆኖም ወርቅ ፈላጊዎች ያለ ፈቃድ እየገቡ ወንዙን በባዜቃ መረዙት፤ ወባም አበዙ። በጥር 2023 ሕፃናቱ በራብና በበሽታ ስለ ተጐዱ መንግሥቱ የጤና አደጋ መሆኑን ዐወጀ። የተተከለ ምልክት ብቻውን ሌባ እንዳይከለክል ከዚህ ይታወቃል።

በዚያው ዓመት የቀደምት ነገዶች ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት ወይዘሮ ሶንያ ጓዣዣራ፥ በፉናይ ላይ የተሾሙትም የሕግ ዐዋቂ ወይዘሮ ዦኤንያ ዋፒሻና፥ ኹለቱም ከነገዶቹ የተወለዱ ናቸው። ቀድሞ ሞግዚት የተሾመበት ሕዝብ በገዛ ልጆቹ ስለ ራሱ ጕዳይ ይመክር ጀመር።

እንግዲህ ሕዝብን ለመርዳት የተሾመ ኹሉ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ የሚመረምረው ዳኛ፥ ተበደልሁ የሚለውን የሚሰማ ጆሮ፥ ከሚረዳውም ሕዝብ ጋራ መመካከር። ከእነዚህ አንዱ ሲጐድል በጎ ደንብ እንኳ በክፉ እጅ ይወድቃል።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1. የሞግዚት ሥራ ምንድር ነው? በመንደራችሁ አደራ ተቀባይ ምን ምስክር ያቆማል?
2. የሮንዶን ደንብ መልካም ሲሆን መሥሪያ ቤቱ ስለ ምን ተበላሸ?
3. የፓናራ ሰዎች ያለቁት በጦር ነውን? በምን ነው?
4. የያኖማሚ ወሰን ከጸደቀ በኋላ መከራው ያልቀረው ስለ ምንድር ነው?