ልጃገረዶችን ከሱስ ስለ መጠበቅና የተያዘችውን ስለ መርዳት

በዚህ ወር ትምህርታችን በከተሞቻችን የሚገኙ ልጃገረዶችን ከጫትና ከመጠጥ ሱስ ስለ መጠበቅ እንመለከታለን። አእምሮን ከሚያደክም ነገር መራቅ ገላንና ቤትን እንደ ማጽዳት ሁሉ የጤና ክፍል ነውና።

1ኛ፤ አገባቡ።
አንዲት ልጅ ከገጠር መጥታ ከጓደኞችዋ ጋር ቤት ተከራይታ ትማራለች እንበል። ፈተና ሲደርስ «ጫት እንቅልፍ ያባርራል» ይሏታል። እንቢ ብትል ባላገር ትባላለች፤ ብቻዋን መቅረትን ስለምትፈራ ትቅማለች። ራሷን ዝቅ አድርጋ የምታይ ልጅ ጓደኞችዋን ለመቃወም ኃይል ያንሳታል። ወንድ ሲቅም ጨዋታ፥ ሴት ስትቅም ግን ነውር ስለሚባል፥ ልጂቱ ተደብቃ ትቅማለች፤ ስለዚህም ወደ ሐኪም የምትደርሰው ዘግይታ ነው።

2ኛ፤ ጉዳቱ።
በጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ነገር አለ። ይህም የልብን ምት ያፈጥናል፥ የምግብን ፍላጎት ይዘጋል፥ እንቅልፍን ይነሣል። ኃይሉ ሲያልቅ ድካምና ትካዜ ስለሚከተል እንደ ገና መቃም ያሰኛል። ምርቃናውን ለመስበርም ጨብሲ ተብሎ መጠጥ ይጨመራል፤ እንዲህ አንዱ ሱስ ሌላውን ይጠራል። በሴት ሰውነት ውስጥ ያለው ውሃ ከወንድ ስለሚያንስ፥ ከወንድ ጋር እኩል ብትጠጣ በደሟ ውስጥ የሚገኘው አልኮል ይበልጣል። በእርግዝና ጊዜም አልኮል ወደ ፅንሱ ያልፋል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥና ትምባሆ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ሆኖም ሕግ ሻጩን ቢከለክልም የልጂቱን ብቸኝነት አያስወግድም። ይህ የወላጅና የመምህር ሥራ ነው።

3ኛ፤ ሊደረግ የሚገባው።
ሀ/ እንቅልፍ ማጣት፥ መክሳት፥ ከትምህርት መቅረትና ገንዘብ መበደር ሲደጋገም፥ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ቶሎ ጠይቋት። በተማሪዎች ፊት አትገሥጿት፤ የምታምናት ሴት መምህር ለብቻዋ ታነጋግራት። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ደረሰብሽ?» የሚል ይሁን።
ለ/ ከትምህርት ቤት አታባርሯት። የተባረረች ልጅ ከሚረዷት ሰዎች ተለይታ ጫት ከሚሰጧት ጋር ትቀራለች።
ሐ/ ጥናት ከፈተና ብዙ ሳምንት በፊት እንዲጀመር አድርጉ። የተማሩት በአእምሮ የሚጸናው በደንብ ሲተኙ መሆኑን አስረዱ።
መ/ ልትወጣው የምትችለውን ኃላፊነት ስጧት፤ ታናናሾችን ታስጠና፥ ወይም በቤተ መጻሕፍት ታገልግል። ስለ ሠራችውም ሥራ አመስግኗት። ራስን ማክበር በምክር ብቻ ሳይሆን በሥራ ፍሬ ያድጋል።
ሠ/ ለብዙ ጊዜ አብዝታ ስትጠጣ የኖረች በድንገት ብታቆም መንቀጥቀጥና እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ሊያገኛት ስለሚችል፥ መጠጡን የምታቆመው በሐኪም እየተረዳች ይሁን።
ረ/ ትታ ብትመለስበትም ተስፋ አትቁረጡ። ሱስ የሚመላለስ በሽታ ነው፤ ለወባ በሽተኛ ደግመን መድኃኒት እንደምንሰጥ ለእርሷም ደግመን እጃችንን እንዘርጋ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፤
1. ጫት የቃመ ሰው መጠጥ የሚጨምረው ስለ ምንድን ነው?
2. በትምህርት ቤታችሁ አንዲት ልጅ ችግሯን ሳታፍር የምትነግረው ሰው አለን? ከሌለ ማን ይሁን?