«ዶክተርዬ፣ ፊርማ ብቻ ነው»፦ ስለ ሹፌሮች ሜዲካል



ዛሬ ስለ ሹፌሮች የጤና ምርመራ እናውራ። አሰላ ላይ ካየኋቸው ሰዎች የማልረሳቸው ከበቆጂ ወደ አዳማ ስንዴ የሚጭኑ አንድ የአይሱዙ ሹፌር አሉ። መንጃ ፈቃድ ለማሳደስ መጥተው «ዶክተርዬ፣ ፊርማ ብቻ ነው፤ መኪናው ተጭኖ ቆሟል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አምስት ደቂቃ» ብዬ ከፊደል ሰሌዳው 6 ሜትር ርቀት ላይ አቆምኳቸው። በቀኝ ዓይናቸው ጥርት አድርገው አነበቡ። ቀኙን በእጃቸው ሸፍነው በግራም አልተሳሳቱም። ለካ በጣቶቻቸው መሐል እያጮለቁ ነው! (ይሄ ያልገጠመው ሐኪም ያለ አይመስለኝም።) በካርቶን ስሸፍነው ግን ከላይ ካለችው ትልቋ ፊደል በቀር ምንም አልታያቸውም። ይህ 6/60 ይባላል፤ ጤነኛ ዓይን ከ60 ሜትር የሚለየውን እሳቸው የሚለዩት 6 ሜትር ላይ ቀርበው ነው።

እኛ አገር መሪው በግራ ነው። ግራ ዓይን ካላየ፣ ከፊት የሚመጣው መኪና ያለበት ጎንና የግራው መስታወት ይጠባሉ፣ ርቀት መገመትም ይከብዳል። ከአሰላ በኢተያና በዴራ ወደ አዳማ ያለው መንገድ ደግሞ ከ2,400 ሜትር ገደማ ወደ 1,600 የሚወርድ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ2 ሰከንድ 33 ሜትር ይጓዛል።

ችግሩ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ይመስል ነበር፤ ይህ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል ነው። ሳልፈርም ወደ ዓይን ሐኪም ስልካቸው ተቀይመውኝ ወጡ። አልፈርድባቸውም፤ አንድ ወር ያለ ሥራ መቀመጥ ለልጆች አባት ቀላል አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ግን መንጃ ፈቃድን ከጤና ብቃት ጋር ያያዘው ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው ዓይንና ደም ግፊት ብቻ የሚታይ ይመስለዋል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ስኳር ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሹፌር ምሳውን ዘሎ ከነዳ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፦ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ሐሳቡ ይዘበራረቃል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ለኩ። ከ90 በታች ከሆነ በልታችሁ ተነሱ። ከ70 በታች ከወረደ ግን ስኳር ወይም ለስላሳ ወስዳችሁ፣ ከተስተካከለ በኋላም 45 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ጋቢና ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ።

የሚጥል በሽታ ካለባችሁ አትደብቁ። ሌሊት በኃይል እያንኮራፋችሁ ቀን መሪ ላይ የምታንቀላፉ ከሆነም ንገሩን፤ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥ ሊሆን ይችላል። ጫት? ምርቃናው እንቅልፍን አይተካም፤ ሲበርድ ድካሙ ተደራርቦ ነው የሚመጣው። የጉንፋን መድኃኒቶችም አንዳንዶቹ ያስተኛሉ፣ ፋርማሲስቱን «ሹፌር ነኝ» በሉት።

ለሜዲካል ስትመጡ መነጽራችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ከነማሸጊያው ይዛችሁ ኑ። ካርቶኑን እኔ እይዛለሁ።