በሶብላ ከዘር እስከ ቅቤ ማንጠሪያ

በሶብላ ፀሐይና ሙቀት የሚወድ፣ ውርጭ የማይችል ተክል ነው። በደጋ አካባቢ ግንቦት መጨረሻ ላይ ከተዘራ አበባው ለመስከረምና ለጥቅምት ፀሐይ ስለሚደርስ የኅዳር ውርጭ ሳያገኘው ይሰበሰባል። ጓሮ ለሌለው ሰው ከሥሩ የተበሳ ባልዲና ፍግ የተቀላቀለበት አፈር ይበቃል።

ጥቁሯ ዘር ደቃቅ ናት፤ ውሃ ሲነካት በደቂቃዎች ውስጥ ነጣ ያለ ዝልግልግ ነገር ትለብሳለች። ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ አፈር ሊጫናት አይገባም። ችግኙ ስድስት ያህል ቅጠል ሲያወጣ ጫፉ ከቅጠሎቹ በላይ ይቀነጠሳል፤ ያን ጊዜ ከጎን ቅርንጫፎች ይወጣሉ፣ አበባውም በዚያው ልክ ይበዛል። ቅጠሉን ብቻ በሚፈልጉ አገሮች አበባው ገና ብቅ ሲል ይቆረጣል። በኢትዮጵያ ወጥ ቤት ግን አበባው ዋና ነገር ስለሆነ አይነካም።

አጨዳው ጠዋት ጤዛው ከረገፈ በኋላ፣ አበባው እንደፈካ፣ ዘሩ ሳይጠና ነው።

ብዙ ሰው የሚበላሽበት ግን ማድረቁ ላይ ነው። የበሶብላ መዓዛ በቀላሉ የሚተን ዘይት ነው፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ የተሰጣ በሶብላ ቶሎ ይደርቃል፣ መዓዛው ግን አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ነፋስ በሚገባበት ጥላ፣ በሰፌድ ላይ ሳሳ ተደርጎ ይሰጣል፤ በየቀኑም ይገላበጣል። ከዚህ የከፋው መቸኮል ነው። አበባው ድርብርብ ስለሆነ ላዩ ሲዳሰስ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። እንዲህ እንዳለ በርበሬ ውስጥ ከገባ ሻጋታው በርበሬውንም ይዞት ይሄዳል። አትቸኩሉ፤ ዘንጉን ሰብራችሁ እዩት። ቀጭ ብሎ ካልተሰበረና ከተለመጠ አልደረቀም። ደርቋል ብላችሁም ቢሆን ጥቂቱን በጠርሙስ ዘግታችሁ አሳድሩ፤ ጠዋት ጠርሙሱ ላብ ካወጣ ሁሉንም ወደ ሰፌዱ መልሱት።

የደረቀው ሳይፈጭ፣ ከነአበባው፣ ብርሃን በማይገባበት ዕቃ ቢቀመጥ ይሻላል፤ የተፈጨ በሶብላ መዓዛው ቶሎ ይጠፋል። በርበሬ ሲደለዝ እርጥቡ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ይወቀጣል፤ ሽሮ ውስጥ ደረቁ ከእህሉ ጋር ይፈጫል። ቅቤ ሲነጠር ደግሞ ከኮሰረትና ከኮረሪማ ጋር ይገባል፤ እሳቱ ከበረታ ያርርና ቅቤውን ያመርረዋል፤ ስለዚህ በለዘብተኛ እሳት፣ አረፋው ሲቀንስ መጨመር ይመረጣል።