ባሩድ ሁሉ አንድ አይደለም

የአጎቴ ቀኝ እጅ ሦስት ጣት ብቻ ነው ያለው። ዋጃ ልጅ ሆኜ ምክንያቱን ስጠይቅ «ጠመንጃ ፈነዳባቸው» ይሉኝና ያልፉታል። ጠመንጃ እንዴት ነው የሚፈነዳው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ባለፈው ሴሚስተር በማብራሪያ ጽሑፍ ትምህርት ላይ «በየአካባቢያችሁ ሰው ሁሉ የሚያወራውን፣ ግን ማንም የማያብራራውን ነገር አምጡ» ስንባል ትዝ ያለኝ ይኼው እጅ ነው። ለእረፍት ስሄድ ደብተሬን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ሴት ልጅ ለባሩድ ምን አገባሽ?» ብለው ሳቁና ነገሩን ከሥሩ ያዙልኝ።

ከአባታቸው የወረሱት ውጅግራ ነበራቸው። ውጅግራ ስሙን ያገኘው «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው፤ የግራ ጠመንጃ ማለት ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊታቸው የተቀበሉት አንድ ጎራሽ ጠመንጃ ሲሆን በአፄ ምኒልክ ዘመን በብዛት ወደ አገራችን ገብቶ አድዋ ላይ ተዋግቷል። ጠመንጃው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ጥይቱ ግን እየጠፋ ሄደ። ስለዚህ ባለ ውጅግራ ቀለሃውን አይጥልም። ያጠራቅማል፣ እርሳስ አቅልጦ አረር ያፈሳል፣ ባሩድ ሞልቶ መልሶ ይተኩሳል። አጎቴም ይህን ሙያ ከአባታቸው ተምረዋል። ልኩ ቀላል ነበር፤ ቀለሃው እስከ አንገቱ ይሞላል፣ አረሩ ይገጠማል፣ አለቀ።

አንድ ጊዜ የዘመድ ሠርግ ሲደርስ ጥቁሩ ባሩድ አለቀባቸው። የክላሽ ጥይት ግን በእጃቸው ነበር። ሦስቱን ፈትተው ባሩዱን ወደ አንዱ የውጅግራ ቀለሃ ገለበጡት። «ሦስቱ ክላሽ አንዱን ውጅግራ ልክ እስከ አንገቱ ሞላው። ደስ አለኝ» አሉኝ። ሙሽራው ሲገባ ተኮሱ። መዝጊያው ተሰንጥቆ ወደ ኋላ መጣ።

ይህን ያነበበ ሰው «ምን ዓይነት ሞኝነት ነው» ሊል ይችላል። እኔ አልስማማም። አጎቴ የተማሩትን ልክ አንዲት ፍሬ አላዛነፉም። ያሳሳታቸው ስሙ ነው። ከዓረብኛ የወረስነው «ባሩድ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮችን በአንድ ያጠቃልላል።

ጥቁሩና ጭስ የለሹ

ጥቁር ባሩድ ሳልትፒተር የሚባለው ጨው፣ የከሰልና የድኝ ድብልቅ ነው። ሲቃጠል ከክብደቱ ከግማሽ የሚበልጠው ጋዝ አይሆንም፤ ጭስና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። በድሮ ጦርነት ተኳሹ የት እንዳለ ከሩቅ የሚታወቀው በዚህ ጭስ ነው። ሌላው ጠባዩ፣ በጠባብ ቦታ ታፍኖ ግፊት ሲበዛበት የመንደድ ፍጥነቱ ያን ያህል አይለወጥም። ስለዚህ የግራ ጥይት ሠሪዎች ቀለሃውን የሠሩት ሙሉውን ባሩድ እንዲይዝ አድርገው ነው። 5.25 ግራም ባሩድ፣ 25 ግራም እርሳስ። ቀለሃው ራሱ መለኪያ ነበር ማለት ነው። ሚዛን የሌለው ገበሬም ሊሳሳት አይችልም፤ ከሞላ በኋላ መጨመሪያ ቦታ የለማ!

እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ጭስ የለሽ ባሩድ ሠራ። መሠረቱ በአሲድ የታከመ ጥጥ ወይም የእንጨት ጭረት ነው፤ ናይትሮሴሉሎስ ይባላል። ሲቃጠል ከሞላ ጎደል ሁሉም ጋዝ ይሆናል፣ ጉልበቱም በክብደት እኩል ከሆነ ጥቁር ባሩድ እጅግ ይበልጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረንሳዮች ሌበል የሚባለውን ጠመንጃ በዚሁ ባሩድ አስታጠቁ፤ ውጅግራም ያኔውኑ አሮጌ ሆነ። የአጎቴን እጅ የሚመለከተው ግን ሌላኛው ጠባዩ ነው። ጭስ የለሽ ባሩድ ግፊት ሲጨምር ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ደግሞ ግፊቱን ይጨምራል። ራሱን በራሱ የሚያራግብ እሳት በሉት። ስለዚህ በዓይን ወይም በቀለሃ አፍ አይለካም፤ በሚዛን ብቻ ነው የሚለካው። አጎቴ ሦስት ክላሽ ሲገለብጡ ልኩን የጠበቁ የመሰላቸው በስፍር ነበር።

ለምን የሽጉጥና የጠመንጃ ይለያል?

እዚህ ላይ ጉዳዩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ሳነብ ግን ጭስ የለሹም በራሱ በብዙ ዓይነት እንደሚሠራ ተረዳሁ። ሁላችንም በምናውቃቸው ሁለት መሣሪያዎች ልግለጸው። የክላሽ አፈሙዝ ከነውስጡ 41.5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ የማካሮቭ ሽጉጥ 9.3 ሴንቲ ሜትር ብቻ። አረሩ በማካሮቭ ውስጥ የሚቆየው ለቅጽበት ነው። ባሩዱ በዚያች ቅጽበት ነዶ ካላለቀ የቀረው ከአፈሙዙ ውጪ ብልጭታ ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ ለሽጉጥ ስስና ፈጣን ባሩድ ይመረጣል። ለጠመንጃ ግን ፍሬው ተለቅ ያለ፣ ብዙ ጊዜም ማዘግያ የተቀባ ባሩድ ያስፈልጋል፤ ረጅሙን መንገድ ቀስ እያለ እንዲገፋ። ፈጣኑን የሽጉጥ ባሩድ በጠመንጃ ልክ መሙላት ጠመንጃውን ቦምብ ማድረግ ነው።

ጥይትን በቤት መሙላት ሕጋዊ በሆነባቸው አገሮች፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ ሰዎች ይህን እንደ ዓሣ ማጥመድ የዕረፍት ጊዜ ሥራ አድርገው ይዘውታል። ለሽጉጥ ባሩድ ሲመርጡ የሚያነሱት ጥያቄ ገርሞኛል፤ መጀመሪያ የሚታሰበው «የትኛው ይበረታል» አይደለም። ፋብሪካው ባሳተመው ሠንጠረዥ ላይ ለዚያ ጥይት፣ ለዚያ የአረር ክብደት የተጻፈው የትኛው ነው ብለው ይጀምራሉ። ሠንጠረዡ ላይ ከሌለ የለም ነው። ቀጥሎ መሣሪያው ይታያል። ስድስት ጎራሽ ሪቮልቨር በእጅ ስለሚሽከረከር ደካማ ጥይትም ቢሆን አያስቆመውም፤ በራሱ የሚጎርስ ሽጉጥ ግን መዝጊያውን ወደ ኋላ የሚገፋ በቂ ጉልበት ካላገኘ ይነክሳል። ብዙ ከሚጠቀሱት መካከል ቡልስአይ የሚባለው በጣም ፈጣን ነው፤ ዩኒክ መካከለኛ፤ 2400 የሚባለው ደግሞ ዘገምተኛና ለከባድ ሪቮልቨር ጥይቶች የሚሆን ነው።

ከሁሉም የያዘኝ የ.38 ስፔሻል ታሪክ ነው። ይህ የሪቮልቨር ጥይት የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1898 ሲሆን ቀለሃው ለጥቁር ባሩድ እንዲበቃ ተደርጎ ረዝሞ ነበር የተሠራው። በኋላ ጭስ የለሽ ባሩድ ሲገባበት ትንሿ መጠን ከታች ጉብ ብላ ቀረች፤ ከላይ ባዶ ነው። የሚሞላው ሰው ሐሳቡ ሄዶ ሁለተኛ ጊዜ ቢጨምርበት ቀለሃው አይናገርም፤ ይይዘዋል። ስለዚህ ብልሆቹ በጣም ጥቂት ቦታ ከሚይዘው ፈጣን ባሩድ ይልቅ ዘርዘር ብሎ ቀለሃውን የሚሞላውን ይመርጣሉ፤ በስህተት ቢደገም ይፈሳልና ይታያል። እነሆ የአያቴ ዘዴ በሌላ መንገድ ተመልሶ መጣ! ቀለሃው መለኪያ ባይሆን እንኳ ቢያንስ ምስክር እንዲሆን።

ወፍራም የሚመስል ብረት ምን ያህል ይችላል ለሚል ደግሞ እነሆ። የ.38 ስፔሻል ከፍተኛው የተፈቀደ ግፊት በአንድ ካሬ ኢንች 17,000 ፓውንድ ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመጣው .357 ማግነም በአረር ውፍረት ከእሱ ጋር አንድ ሲሆን ግፊቱ 35,000 ነው። ሠሪዎቹ በስህተት አሮጌው ሽጉጥ እንዳይጎርሰው ብለው ቀለሃውን ሆን ብለው 3 ሚሊ ሜትር ያህል አስረዘሙት። በአንድ ቃል ሁለት ነገር መጥራት የሚያመጣውን አደጋ በብረት ለመከላከል ማሰባቸው ነው።

ወደ እኛ ስመለስ

ሁለት የተለያዩ ባሩዶች በመዳፍ ላይ ፍጹም መንታ ሊመስሉ ይችላሉ። ግራጫ ፍሬ ናቸው፤ ስማቸው ያለው ማሸጊያው ላይ እንጂ እነሱ ላይ አይደለም። ከተፈታ ጥይት የወጣ ባሩድ ስሙ ጠፍቷል፤ በሙያው ያሉ ሰዎች ምንም ቢያምራቸው አይጠቀሙበትም። ይህ ለራያ ቆላ ቀላል ነገር አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ቆቦና ዙሪያው ደጋግሞ የውጊያ ቦታ ሆኗል፤ ጦርነት ያለፈበት ማሳ ደግሞ ጥይቱን ሁሉ ይዞ አይሄድም። ከብት የሚያግድ ልጅ ጥይት ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው መፍታት ነው። ባሩድ ሜዳ ላይ ሲነድ እሽ ብሎ ስለሚያልቅ ልጁ «ምንም አያደርግም» ብሎ ይደመድማል። ያው ባሩድ ሲታፈን ሌላ ፍጡር መሆኑን የነገረው የለም። ያለ ፈቃድ መሣሪያና ጥይት መሥራት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የተከለከለ መሆኑንም ቢሆን አጎቴ የሰሙት ከእኔ ነው።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ዜና ስንጽፍ «ጥይት ባርቆበት»፣ «መሣሪያ ፈንድቶበት»፣ «በባሩድ ተቃጥሎ» የሚሉትን እያቀያየርን እንጠቀማለን። እኔም የመጀመሪያ ዓመት ላይ ለልምምድ በጻፍኩት ዜና ያደረግሁት ይኼንኑ ነው፤ መምህሬም አላረሙኝም። መባረቅ ሳያስቡት መተኮስ ነው፤ አፈሙዙ ወደ ማን እንደዞረ ይጠየቃል። መፈንዳት መሣሪያው ራሱ ሲሰበር ነው፤ ምን ጎርሶ ነበር ተብሎ ይጠየቃል። የመጀመሪያውን ዜና ያነበበ ሰው አፈሙዝ ወደ ሰማይ ማዞር ይማራል። የአጎቴ አፈሙዝ ወደ ሰማይ ነበር።

ማስታወሻዬን አንብቤላቸው ስጨርስ ዝም ብለው ቆዩና «እና ስንት መሙላት ነበረብኝ?» አሉኝ።

«ምንም፣ ጋሼ። ያ ባሩድ ለዚያ ጠመንጃ አልነበረም» አልኳቸው።

«አባቴ ሙላ እንጂ የትኛውን አላሉኝም» አሉ፤ በእሳቸው ጊዜ «የትኛው» የሚባል እንዳልነበረ ነገርኳቸው። የተረፈውን የውጅግራ አፈሙዝ አሁን የበረቱ በር መወርወሪያ አድርገውታል። ባዶ ቀለሃዎቹ በአንድ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ናቸው፤ ስወጣ አንዱን ለክፍል ማሳያ ብለው ሰጡኝ።