ሰላምን የሚለምን ዝማሬ

በግእዝ ሥርዓተ ቅዳሴያችን ምእመናን ጸሎተ ሃይማኖትን በአንድነት ከደገሙ በኋላ፥ ወደ አኰቴተ ቍርባን ከመግባታቸው በፊት እርስ በርሳቸው የሰላም ሰላምታ ይሰጣጣሉ። እምነት ይቀድማል፤ ሰላም ይከተላል። የዚህን ቅደም ተከተል ትርጉም በአንድ የዘመናችን መንፈሳዊ ዝማሬ አማካይነት እንመልከት።

እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2004 በማድሪድ ባቡሮች ላይ በፈነዱ ቦምቦች ከ190 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሁለት ቀን በኋላ የኢስቶኒያው የዜማ ደራሲ አርቮ ፔርት «ዳ ፓቼም ዶሚኔ» የተባለውን ዝማሬ መድረስ ጀመሩ። ፔርት ኦርቶዶክሳዊ ሲሆኑ፥ የመረጡት ቃል ግን በላቲን ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ የተዘመረ የሰላም ልመና ነው። የኢስቶኒያ ፊልሃርሞኒክ መዘምራን በፖል ሂሊየር መሪነት የዘመሩት ቅጂ በ2006 በዲስክ ወጥቶ፥ በ2007 የግራሚ ሽልማት አገኘ።

በዝማሬው ቁጣ አይሰማም፤ ገዳዮችን የሚከስ ቃልም የለበትም። አራቱ ድምፆች በዝግታ ይራመዳሉ፤ አንዱ ሌላውን አይሽቀዳደምም።

በ2015 ዓ.ም. መገባደጃ በአማራ ክልል ጦርነት በተቀሰቀሰ ጊዜ፥ ከጣራ ገዳም ተራሮች እስከ ፎገራ ሜዳ የሚኖር ሕዝብም ሰላምን ናፈቀ። «ሰላም በሌለበት ስለ ሰላም መዘመር ማስመሰል አይሆንምን?» የሚል ጥያቄ በብዙዎቻችን ልብ ያድራል። አይሆንም። የምንዘምረው ሰላም መጣ ብለን ለማብሠር ሳይሆን፥ ሰጪው እግዚአብሔር መሆኑን አምነን ለመለመን ነውና። እምነት የሚቀድመው ስለዚህ ነው።

ታዲያ የሩቅ አገር ዜማ እንቅዳን? ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ፥ የየሕዝቡ ባህላዊ ዜማ ተገቢ ክብርና ስፍራ እንዲሰጠው አስተምሯል። እኛም የቅዱስ ያሬድ ግእዝ፥ ዕዝልና አራራይ አሉን። በዚሁ በደቡብ ጎንደር የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን የዜማ ጉባኤያት፥ ቤተልሔም በድጓ፥ ዙር አምባ በዝማሬና መዋሥዕት የታወቁ ናቸው። ከፔርት የምንማረው እንግዲህ ዜማውን ሳይሆን ትሕትናውን ነው።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች መዘምራንን ስናለማምድ፥ አስቀድመን የቃሉን ትርጉም እናስረዳ፤ ጥቂት የጸጥታ ጊዜም እንስጥ። በመካከላችን የተጣሉ ካሉ ከልምምዱ በፊት ይታረቁ (ማቴ. 5፥23-24)። ከጎኑ የቆመውን ወንድሙን ያልታረቀ ዘማሪ፥ ለአገር ሰላምን እንዴት ይለምናል?

ለውይይት፦ በቁምስናችን ከቅዳሴው የሰላም ሰላምታ በፊት ልንታረቀው የሚገባን ማን ነው?