ድንግዝግዝ ሲል ጥሩ ፎቶ ስለ ማንሣት

ለእናታችሁ ልትልኩት ያነሣችሁት የባሕር ፎቶ ጠቁሮ ወይም ሰማዩ ነጥቶ ቀርቶባችሁ ይሆናል። በዚህ እትም ምክንያቱንና መፍትሔውን እንመለከታለን።

፩. ጊዜው
ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኗ በላይኛው አየር እያረፈ ለ25 ደቂቃ ያህል ምድሩን ያሳያል። የመግሪብ አዛን ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሚሰማ እርሱ ሰዓታችሁ ይሁን። ከአዛኑ በኋላ ከ10ኛው እስከ 20ኛው ደቂቃ የሰማዩና የመንገዱ መብራት ይመጣጠናሉ። ይህም በታኅሣሥ በእኛ አቆጣጠር ወደ 11 ሰዓት፣ በሰኔ መጨረሻ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው።

፪. አቅጣጫው
በአል ዑለያ ላላችሁ ቅርብ የሆነው የአል ኾበር ኮርኒሽ ወደ ምሥራቅ ያያል። ስለዚህ ፀሐይ የምትጠልቀው ከባሕሩ ሳይሆን ከከተማው በኩል ነው። ማታ ወደ ባሕሩ ብትመለከቱ ከአድማሱ ላይ ግራጫ ጥላ፣ ከበላዩም ሮዝ መቀነት ይታያል። ጥላው የምድር የራሷ ነው። ፀሐይን ከባሕሩ ጋር ማንሣት የምትፈልጉ በንጋት ሞክሩ።

፫. ብርሃኑን መመጠን
ሞባይላችሁ ብርሃን የሚለካው በነካችሁት ቦታ ነው። ጨለማውን ብትነኩ ሰማዩ ይነጣል፤ ደማቁን ብትነኩ ምድሩ ይጠቁራል። ከአድማሱ ጥቂት ከፍ ያለውን ሰማይ ንኩና የብርሃን ምልክቱን በትንሹ ወደ ታች ሳቡ። የጠቆረ ፎቶ በኋላ ሊፈካ ይችላል፤ የነጣ ሰማይ ግን አይመለስም።
ፍላሹን አጥፉ፤ ከጥቂት ሜትር አያልፍም። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቀበል እጅ ሲንቀጠቀጥ ፎቶው ይደበዝዛል። ሞባይሉን ግንብ ላይ አስደግፉ፤ በ3 ሴኮንድ መቁጠሪያውም ተጠቀሙ። በሐምሌ ከኤሲ ቤት ስትወጡ ሌንሱ ላብ ይይዛልና ጥቂት ጠብቃችሁ ጥረጉት።

፬. ጥንቃቄ
ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የሳዑዲ ሕግ በካሜራ ሞባይል የሰውን የግል ሕይወት የደፈረ እስከ 1 ዓመት እስራት፣ እስከ 500,000 ሪያል ቅጣት ወይም ሁለቱም ሊደርስበት እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ሳታስፈቅዱ ሰው፣ በተለይም ሴቶችንና ቤተሰብ አታንሡ። ወታደራዊ ቦታ፣ ወደብና የነዳጅ ተቋምም እንዲሁ። የማዳምን ልጆችና የቤቱን ውስጥ ለወዳጅም ቢሆን አትላኩ። ከጣሪያ ላይ የጎረቤት ግቢ ሊገባባችሁ ስለሚችል ባሕሩ ዳር ይሻላል።

ሰማይና ባሕር ብቻ ያለበት ፎቶ ማንንም አያስቀይምም፤ እናትንም ደስ ያሰኛል። ቸር ይግጠመን።